ሠላሳ አምስት የፈረስ ጉልበት

ሽማግሌው የትራክተር መሸጫው በር ላይ ብቅ ሲሉ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ካፖርታቸውን የታጠቁት ከዚሁ የገዙት የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ሊያስርበት በነበረው ሲባጎ ነው። ሻጩ ጥያቄያቸውን በቃሉ ይዞታል።

"ትራክተሬ ማሰሪያውን ማሽን እስከ ቤት ጎትቶት የለ? ታዲያ ማሠራት እንዴት ያቅተዋል?"

"መጎተትማ ይጎትታል፣ አባባ። ድርቆሹን ጠቅጥቆ ለማሰር ግን ሠላሳ አምስት የፈረስ ጉልበት አይበቃም፤ ስልሳ ይፈልጋል።"

"አፈር ስሆን፣ አንድ መላ በለኝ!" ይላሉ፣ የታመመ ልጅ ይዘው ሐኪም ፊት እንደቆሙ ሁሉ።

በየቀኑ ለላሞቻቸው ቀለብ ታጭዶ ሜዳ ላይ ከተኛው ድርቆሽ አንድ ጭብጥ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ። ከትናንት ወዲያ ዝናብ ጣለ። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያኖሩት ጠቁሯል፤ ሻጋታው ይሸታል። ሻጩ የተለመደውን ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ላም የሚገዛ ሰው ታውቃለህ?"