ጨረርና እልህ

ጡቴን ያስቆረጥኩት የካንሰሩ ነገር እንዲያልቅ ብዬ ነው። ቀዶ ሐኪሟ ሁለት መንገድ አቅርባልኝ ነበር፤ አንደኛው እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ቀጥሎ ጨረር መውሰድ፣ ሁለተኛው ጡቱን ከነጭራሹ ማንሳት። "ሁለተኛውን ከመረጥሽ ጨረሩ ላያስፈልግሽ ይችላል" አለችኝ። እኔ ደግሞ "ላያስፈልግሽ ይችላል" ያለችውን "አያስፈልግሽም" ብዬ ሰማሁት። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ልጄን ጡት ካስጣልኳት ሃያ ምናምን ዓመት አልፎኛል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንድ ዴይኬር ውስጥ የጨቅላዎቹ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሳነሳና ሳስቀምጥ ነው የምውለው። ቶሎ ጨርሼ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብዬ ፈረምኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ከብብቴ ካወጧቸው ንፍፊቶች ሁለቱ ውስጥ ካንሰሩ ገብቶ ተገኘ። ኬሞ አያስፈልግሽም፣ ክኒን ትውጫለሽ አሉኝ። ስለ ጨረሩ ስጠይቅ ግን ቀዶ ሐኪሟ ወንበሯን ወደኔ ጎተተችና እጄን ያዘች። ሐኪም እጅ መያዝ ከጀመረ መልስ አጥቷል ማለት ነው።

"እዚህ ላይ ግሬይ ዞን ውስጥ ነን" አለችኝ።

ነን! እሷ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከሁለት ጡቷ ጋር ተቀምጣለች፤ ዞኑ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነገሩን ስታብራራው፣ ንፍፊቶቼ ሁሉ ንጹህ ቢሆኑ ኖሮ "ተዪው" ይሉኝ ነበር፤ ብዙዎቹ ተይዘው ቢሆን ደግሞ "ውሰጂ" ይሉኝ ነበር። ሁለት ስለሆኑ መሀል ላይ ወድቄያለሁ። ሐኪሞቹ ተሰብስበው በኔ ጉዳይ ተወያይተው ሳይስማሙ ተነስተዋል።

"ታዲያ ማን ይወስን?"

"ውሳኔው ያንቺ ነው። ላንቺ ዋናው ነገር ምን እንደሆነ አስቢበት።"

ለእኔ ዋናው ነገር አለመሞት ነው። ይህን ለመገመት ያን ሁሉ ዓመት መማር አያስፈልግም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ስልኳ ላይ ማስታወሻ ትይዛለች። መኪና ውስጥ ስንገባ "አንቺ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"ማም፣ ኢትስ ዩር ቾይስ።"

እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ይህን ስትል ያከበረችኝ ይመስላታል። ምርጫ የሚባለውን ነገር መጥላት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

አፓርትመንቴ በዚያ ሳምንት የታክሲ ተራ መሰለ። አጥሚት የያዘ ሲወጣ ሾርባ የያዘ ይገባል። ከደረቴ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ገና አልተነቀለልኝም ነበር፤ ጋቢዬ ስር ደብቄው ተቀምጬ የሰው ምክር እሰማለሁ። ከዊተን የመጣ አንድ የሩቅ ዘመዳችን ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ በትልቅ ጠርሙስ አመጣልኝ።

"ጨረር የሚባለውን ነገር እንዳታስጠጊው" አለኝ። "የጎን አጥንትሽን እንደ ብስኩት ነው የሚያደርገው።"

"ከማን ሰማህ?"

"ቪዲዮ ላይ አይቼ።"

ይህ ሰው የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ መብራት በበራ ቁጥር ሦስት ጋራዥ ሳይጠይቅ አያሠራም። ለኔ ደረት ግን አንድ ቪዲዮ በቃው። ሌላዋ ደግሞ እንባዋን እየጠረገች "አይዞሽ፣ ጡት ምን ያደርጋል!" አለችኝ። ሁለቱንም ይዛ ነው እንግዲህ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው። እትዬ ነው የምላት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ማንም ሳይሾማት የእናትነቱን ሥራ ይዛዋለች። ቱቦው በተነቀለልኝ ሳምንት ደውላ "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ነይ፤ እኛው ብቻ ነን" አለችኝ። ልጄ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ዞራ አድርሳኝ በሩን ስከፍት፣ እኛው ብቻ በተባለበት ሳሎን ሰባት እንግዶች ሞልተዋል።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"የሚያስቡልሽ ሰዎች ናቸው። ብቻሽን እንዴት ትወስኛለሽ?"

ከሁሉም በላይ የተቀመጡት የሰፈሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ ነው ሁላችንም የምንላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፋርማሲ ውስጥ ሠርተዋል፤ ስለዚህ በእህቴ ቤት ከልብ እስከ ኩላሊት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ሐኪሙ ያለሽን ማድረግ ነው።"

"ጋሼ፣ እነሱም እኮ አልተስማሙም።"

"እንግዲያው የሚበልጠውን ሐኪም ስሚ።"

"የሚበልጠው የትኛው ነው?"

ጋሼ ጎመኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ከሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠችው ሴት "ልጄ እኮ ጤና ዘርፍ ውስጥ ናት" ብላ ቀጠለች። ልጇ የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሳለች። አንዱ ልብሽን ይጎዳል አለ፤ አንዷ ፀጉርሽ ይረግፋል አለች፤ ሌላው የደረት ጨረር ፀጉር አያረግፍም ብሎ ተከራከራት፤ ሁለቱ በኔ ፀጉር ተጣሉ። ስለ ደረቴ ሲያወሩ ደረቴን ያያሉ እንጂ ዓይኔን የሚያይ የለም። በመጨረሻ አንዱ ሊያስቅ ፈልጎ "በቃ እጅ እናውጣ!" አለ። ሳቁ። ከዚያ እጅ መውጣት ጀመረ። አራት ለጨረር፣ ሦስት ለመተው። እህቴ በየትኛውም አላወጣችም፤ ሳህን እየሰበሰበች ነበር።

ከወንበሬ ተነስቼ ፎቅ ወጣሁና መታጠቢያ ቤት ገባሁ። በሩን ልቆልፍ ስል ከውጭ የሚገፋ እጅ ተሰማኝ። እጅ ሲወጣ ማድ ቤት ገብታ የነበረችው ስምንተኛዋ እንግዳ ናት፤ እሷን ከቁም ነገር ስላልቆጠርኳት ሳሎኑ ውስጥ ሰባት ብዬ ነው የቆጠርኩት። የእህቴ ማኅበርተኛ ናት፤ ለዓመታት አውቃታለሁ፤ ለዓመታት ንቄያታለሁ። ሰላም ስትል አታቅፍም፤ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቀኝ እጇን ብቻ ትዘረጋለች። በነሐሴ ሙቀት ሳይቀር ረጅም እጅጌ ለብሳ ትቀመጣለች። ከኋላዋ "ፕሮቶኮል" ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ገብታ በሩን ቆለፈችው። የሸሚዟን ቁልፎች ፈታች። ግራው ደረቷ ሜዳ ነው፤ እንደኔው። ቆዳው ከአንገቷ ግርጌ እስከ ጎኗ ድረስ ጠቁሯል፣ ካውያ ተረስቶበት የቆየ ጨርቅ ይመስላል። ግራ ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ትከሻዋ ድረስ ጠበቅ ባለ የሕክምና እጅጌ ተጠቅልሏል፤ ከዚያም ውስጥ ሆኖ ከቀኙ ወፍሮ ይታያል።

"ስንት ጊዜሽ ነው?" አልኳት።

"አምስት ዓመት አለፈኝ።"

"ማን ያውቃል?"

"ባለቤቴ። አሁን ደግሞ አንቺ።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ታች ያደረጉሽን አላየሽም?"

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በኋላዋ ያልኩት ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ የምለው ነገር እሷ የማታውቀውን ስም መንገር ሆነብኝና ተውኩት።

"ልውሰድ ነው የምትዪኝ?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለች፤ ቁልፎቿን እየቆለፈች። "እኔንም እንዳንቺው ነው ያሉኝ። ወሰድኩ፤ እጄ አበጠ። ባልወስድ ምን እሆን እንደነበር የሚነግረኝ የለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን። ጨረሩን እንደማትፈልጊ ያስታውቅብሻል፤ ፈርተሽ ነው ወይስ ተናደሽ?"

"ፈርቼ ነው።"

"ፈርተሽ ከሆነ ጥሩ። የሚያስፈራሽን በወረቀት ጽፈሽ ሂጂና ጠይቂ። ፍርሃት መልስ አለው።"

የንዴቱን ነገር ሳትጨምርልኝ ወጣች።

ልጄ መጥታ ወስዳኝ ስንመለስ ድልድዩ ላይ ትራፊኩ ቆመ። ወንዙን እያየሁ ራሴን መረመርኩ። ላለመውሰድ አስቀድሜ ወስኜ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ። ምክንያቱ ልቤ አልነበረም፤ እጄም አልነበረም። "ላያስፈልግሽ ይችላል" ብለው ጡቴን ወስደው ሲያበቁ ሌላ እንዲጨምሩብኝ ስላልፈለግሁ ነው። ቀዶ ሐኪሟን ልቀጣት ነበር። ሰዉን ሁሉ በአላዋቂነቱ ስንቅ የከረምኩት ሴትዮ፣ ሐኪም ለማናደድ ብዬ በገዛ ሕይወቴ ልወስን ነበር። ከዊተኑ ዘመዴ የባስኩት እኔ ነኝ። እሱ ቢያንስ ማር አምጥቶልኛል።

"ተናድጄ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ዋት?" አለች ልጄ።

"ምንም። ንጂ።"

የጨረር ሐኪሙ ዘንድ የሄድኩት ብቻዬን ነው፤ ጥያቄዎቼን በአማርኛ ጽፌ። ገና ልጅ ነው፤ ጺሙ ሳይጠነክር የሰው ዕድሜ የሚተምን። ሴቶችን የሚወክሉ ትንንሽ ክቦች በወረቀት ላይ ደርድሮ፣ ጨረር ባይወስዱ በሽታው የሚመለስባቸውን ሴቶች በእስክሪብቶ አጠቆረ። ከዚያ ጨረር በመውሰዳቸው የሚተርፉትን በሌላ ቀለም ከበበ። የጠቆሩትን ሁሉ አልከበበም፤ ግን አንዳንዶቹን ከበበ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። እስከዚያ ቀን ማንም ነገሩን እንደዚህ አላሳየኝም ነበር።

"ልቤስ?"

"ትንፋሽሽን በረጅሙ ስበሽ ስትይዢ ሳንባሽ ይነፋና ልብሽን ከጨረሩ መንገድ ያርቀዋል። ማሽኑ የሚሠራው ያን ጊዜ ብቻ ነው።"

"እጄስ? ሕፃናት ነው የማነሳው።"

ይህን ሲመልስ አልቸኮለም። ሊያብጥ እንደሚችል፣ ላያብጥም እንደሚችል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የእጅ ቴራፒ እንደሚያዝልኝ ነገረኝ። እንደማያብጥ ቃል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር። የመጨረሻውን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም።

"አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

"እወስድ ነበር" አለ። ወዲያው ቀጠለና "ግን እኔ ጨረር ሰጪ ነኝ፤ መልሴን በዚያ ለኪው" አለኝ።

በዚያ ሁሉ ሳምንት ከሰማሁት ንግግር ውስጥ ያልናቅሁት ይህን ብቻ ነው። በማግስቱ ደውዬ እወስዳለሁ አልኩ።

ከመጀመራቸው በፊት ማሽኑን የሚያስተካክሉበት ነው ብለው ደረቴ ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን በመርፌ ነቀሱኝ። ልጄ አንጓዋ ላይ ትንሽ አበባ በመነቀሷ አንድ ሙሉ ፆም አላናገርኳትም ነበር። ነጥቦቹን ሳሳያት ሳቋ አልቆም አላት፤ እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ጠባሳዬ ሳበኝና ደረቴን ይዤ አቃሰትኩ።

አምስት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት። "ትንፋሽሽን ያዢ" ይላል በግድግዳው ውስጥ ያለው ድምፅ፤ እይዛለሁ። "ልቀቂ" ይላል፤ እለቃለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቆዳዬ ቀላ፤ አራተኛው ላይ ተላጠ። የጡት መያዣ ቀርቶ ቀጭን ካናቴራም አላስችል አለኝ። ጨቅላዎቹን ማንሳት ትቼ በራሳቸው ወደሚሄዱት ልጆች ክፍል ተዛወርኩ፤ እነሱ ደግሞ እየሮጡ መጥተው የሚላተሙት ደረቴ ላይ ነው። በመጨረሻው ቀን ቴክኒሻኗ ሕክምናውን የጨረሰ ሁሉ የሚደውላትን የኮሪደሩን ደወል እንድደውል ጋበዘችኝ፤ ሠራተኞቹም ሊያጨበጭቡ ተሰልፈዋል። አመሰግናለሁ ብዬ በሌላኛው በር ወጣሁ። የምደውለው ለማን ነው? ካንሰሩ ይሰማው ይመስል!

እጄ ሙቀት ሲሆን ትንሽ ያብጣል፤ ልብስ ሳጥብ ይከብደኛል፤ እኖርበታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ምርመራ ንጹህ ነሽ ተባልኩ። ወሬው አሌክሳንድሪያ ሲደርስ እህቴ "ጋሼ ነግረውሽ አልነበር!" አለች። የዊተኑ ዘመዴ "ማሩ ነው" አለ። ያን ልጅ ሐኪም "ከጨረሩ ነው ወይስ ባልወስድም ንጹህ እሆን ነበር?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ይህን መቼም አናውቅም" አለኝ።

በቅርቡ በርክ ከሚባል ሰፈር አንዲት ሴት ደወለችልኝ፤ ቁጥሬን የሰጠቻት እህቴ ናት። እሷም ከቀዶ ሕክምና በኋላ መሀል ላይ ወድቃለች። ሐኪሟ ያላትን ሁሉ በዝርዝር ነገረችኝ፤ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ ክቦቹ፣ ስለ እጅ ቴራፒው ነገርኳት። ጥያቄዎቿን እንድትጽፍ መከርኳት። መጨረሻ ላይ "እሺ፣ በአጭሩ ልውሰድ ወይስ ልተወው?" አለችኝ።

"እኔ ወስጃለሁ። ላንቺ ግን አላውቅም፤ ውሳኔው ያንቺ ነው።"

ከዚያ "ገባኝ፤ አመሰግናለሁ" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ንቀቷ በደንብ ተሰማኝ። አልፈረድኩባትም።