ጓሮ የሌለው ገዢ

አጎቴ ኔቪል ማካስኪል ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እስከ ዛሬ ከትምህርት ቤታችን ስንት ጆንያ የበግ በጠጥ እንደገዙ እግዜር ይወቀው። በየመስከረሙ ተማሪዎቹ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ አካፋ ይዘው የበግ ጠጉር ከሚሸለትበት ቤት ፍርግርግ ወለል ሥር በደረታቸው ይገባሉ፤ በክፍተቱ እየወደቀ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመውን በጠጥ ዝቀው በጆንያ ይሞላሉ። ከዚያ "ለአትክልትዎ ማዳበሪያ" እያሉ ዘመድ ላይ ይዘምታሉ። ጎረቤት እምቢ ይላል፤ ዘመድ ግን የት ይሄዳል?

አጎቴ አንድ ሕግ ነበራቸው። እናት ብትለምናቸው አይሰሙም። ልጁ ራሱ ደውሎ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አስረድቶ መጠየቅ አለበት። እኔም በልጅነቴ በየዓመቱ ራሴ እደውልላቸው ነበር። "የአምናው ድንጋይ ነበረበት" ይሉኛል። "የኔ የለበትም፣ በእጄ ነው የለቀምኩት" ስላቸው ይስቁና ዐሥር ጆንያ ያዝዙኛል።

ባለፈው ሰኔ እርሻቸውን ሸጠው ከተማ ውስጥ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሙቀትም አለው፤ ጓሮው ግን ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ መስከረም ሲመጣ ልጄን ብሪየርን፣ "ጋሼ ኔቪልን ተያቸው። በጠጡን ምን ያደርጉታል? ሻያቸው ላይ ይነስንሱት?" አልኳት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ላያቸው ስሄድ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቀኝ። ለካ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ፐርል የልጅ ልጅ ሁለት ጆንያ አምጥቶ በሯ ላይ አቁሞላታል፤ ለአበባ ማሰሮዎቿ።

"ብሪየር ታማለች እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ደህና ናት።"

"ስልካችሁ ተበላሽቷል?"

"ጋሼ፣ ጓሮ እኮ የለዎትም!"

"ጓሮ እንደሌለኝ አያለሁ፤ ዓይኔ ገና አልጠፋም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ 'ምን ላምጣልዎት?' ነው የሚለኝ። 'እባክዎ ይስጡኝ' ያለኝ አንድ ሰው የለም፣ ሬይወን" አሉ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አጎቴን ያስቀየምኩት እሳቸውን ለመጠበቅ ብዬ ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ቤት እንደደረስኩ ስልኩን ለብሪየር ሰጠኋት።

"ጋሼ ኔቪል፣ ብሪየር ነኝ፣ የሬይወን ልጅ። በጠጥ እየሸጥን ነው።"

"ለምን ሊሆን?"

"ለትምህርት ቤቱ መዋኛ ማሞቂያ። ውሃው በጣም ይበርዳል፤ ስንወጣ ጥርሳችን ይንገጫገጫል።"

"እናትሽም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው ያደገችው። ምን ሆነች?"

"ቁጡ ሆነች።"

ሳቃቸው እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ብሪየርም ልብ አግኝታ፣ "ስንት ጆንያ ልጻፍልዎት?" አለች።

"እንዴት ያለሽ ችኩል ነሽ! ላስብበት። ነገ ደውይልኝ።"

ልጄ ስልኩን ዘግታ፣ "እምቢ አሉኝ" ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። አሳቢ ሰው እንደሆኑና የሚገዙትን ነገር ማመዛዘን እንደሚወዱ ነግሬ አባበልኳት። እውነቱን ግን ገምቼዋለሁ።

ሰኞ ስትደውል ወይዘሮ ፐርልን ላማክር አሉ። ማክሰኞ የጆንያውን ክብደት ጠየቁ። ረቡዕ በጎቹ የማን እንደሆኑ፣ ክረምቱን ምን ሲበሉ እንደከረሙ አጣሩ። ሐሙስ ማንም ሳይነግራት ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ ደወለች፤ በጠጥ የሚባል ነገር ሳይነሳ ግማሽ ሰዓት አወሩ።

ዓርብ ትእዛዝ የሚመዘገብበት የመጨረሻ ቀን ነበር።

"ዐሥር ጆንያ" አሉ አጎቴ።

"የት ያደርጉታል ግን?" አለች ብሪየር።

"እሱን ለኔ ተይው፤ እዚህ ስንት አሮጊት አበባ ተክላለች። ይልቅ ንገሪኝ፣ በጠጡ ሲያልቅ ምንድን ነው የምትሸጪልኝ?"