ጉዞዬ እንዳይበላሽብኝ ብለው

ይህ የደረሰብኝ አምና በጥር ወር ነው። ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ከአእምሮዬ የሚወጣ አልሆነም። ሰው ሁሉ “ጊዜ ይፈውሰዋል” ይለኛል። እኔ ግን እናቴን ሳላያት የቀረሁበትን ምክንያት ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። አንባቢ ይፍረድ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ ከነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሰብለ ትባላለች፤ ልጃችን ሊያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የምሠራው ሳክሰንሃውሰን፣ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሲሆን ከጎኔ የሚሠራው ራጃን ህንዳዊ ነው። ከራጃን ጋር ሽንኩርት እየላጥን የማናወራው የለም። በተሰባበረ ጀርመንኛ የሁለታችንንም ሀገር ስናማ ነው የምንውለው።

ራጃን የተወለደው ራሜስዋራም በምትባል የደቡብ ህንድ ከተማ ነው። ከተማዋ ደሴት ላይ ያለች ስትሆን ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አላት። የአባቱ ሙት ዓመት ደርሶ ስለነበር “አብረን እንሂድ፤ አንተ ከኩሽናና ከባቡር በቀር ምን አይተሃል?” አለኝ። እውነቱን ነው። ሰብለም “ሂድ፣ ኡርላውብህን፣ የዓመት ፈቃድህን፣ ሶፋ ላይ ተኝተህ ከምትጨርሰው” አለችኝ።

ከመሄዴ በፊት ደብረ ዘይት ለምትኖረው እናቴ ደወልኩላት። ካየኋት አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ለፋሲካ እንደምመጣ ቃል ከገባሁላት በኋላ የህንዱን ነገር ነገርኳት።

“ሂድ ልጄ፣ ጉልበትህ ሳይከዳህ አገር እይ” አለችኝ። “ጣዖቱ ደጃፍ ላይ ብቻ እንዳትሰግድ።”

እንደማልሰግድ ምዬላት ሄድኩ። ከደም ግፊት በቀር ምንም አልነበረባትም።

ከተማዋን ሳያት ገረመችኝ። የቤተ መቅደሱ መተላለፊያ ማለቂያ የለውም፤ ግራና ቀኙ የተጠረበ ዓምድ ነው። ጫማ ማውለቅ እኛም እናውቅበታለን፣ አውልቄ ገባሁ። ምዕመኑ ልብሱን እንደለበሰ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየሮጠ ውሃ በባልዲ እየተቀዳ ይደፋበታል። ልክ እንደ እኛ ጠበል ይንጫጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይስቃል። ዳር ቆሜ ሳይ እኔም ራስኩ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ሌላ እምነት ያለው ሰው ስለማይገባ እዚያ ስደርስ ተመለስኩ።

በማግስቱ ማለዳ ባሕሩ ጋ ወረድን። እዚያ ሰዎች ለሞቱ ወላጆቻቸው ሩዝ በሰሊጥ አድቦልቡለው፣ ካህኑ እየደገመላቸው ባሕር ውስጥ ይጥላሉ። ራጃን ለአባቱ ይህን ሲያደርግ ከኋላው ቆሜ ነበር። ሽማግሌው ካህን ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ።

“ማን ሞቶብሃል ነው የሚሉህ” አለኝ ራጃን።

“አባቴ። ተዝካሩን ግን በሀገር ቤት አውጥተንለታል፣ ይበቃዋል።”

“እናትህስ?”

“እናቴማ እኔን ትቀብረኛለች!” ብዬ ሳቅኩ። ካህኑም ሳቁ፣ እጃቸውን አንስተው መረቁኝ።

ከቁርስ በኋላ ባሕሩን ላሳያት ብዬ በምስል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ከእናቴ ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቴ ፀሐይ ነበረች።

“እማዬን አቅርቢልኝ።”

“ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።”

“በዚህ ሰዓት?”

“ማኅበር አለባቸው።”

ከኋላዋ ያለው ግድግዳ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ተቀብቷል። “ቤቱን ቀለም ቀባችሁት እንዴ?” አልኳት።

ዞር ብላ ግድግዳውን አየችና፣ “አዎ፣ ቀባነው” አለችኝ።

“ምነው ይሄ ቀለም? ሆስፒታል አስመሰላችሁት!”

እኔ ሳቅኩ። እሷም ለመሳቅ ሞከረች። ኔትወርኩ ነው ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ራጃን ደሴቲቱ ጫፍ ወሰደኝ። ድሮ ማዕበል የበላው መንደር ነው፤ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ብቻውን አሸዋ ላይ ቆሟል። የማን ሃይማኖት እንደሆነ ሳልጠይቅ ግድግዳውን ተሳለምኩና ለእናቴ ጤና ለመንኩ። ከዚያ ወዲያ ረግረጉ ላይ እግራቸው ረጅም ሮዝ ወፎች በመቶዎች ሆነው ቆመዋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልቤ ቀሎኝ አያውቅም። ፎቶ አንስቼ ለሁሉም ላክሁ። ሰብለ ልብ ላከችልኝ፣ ፀሐይም ላከችልኝ።

እናቴ ያረፈችው በዚያ ቀን ጠዋት ነው።

ይህን ግን እኔ አላወቅሁም። ሳምንት ሙሉ ዓሣ እየበላሁ፣ ባሕር እየዋኘሁ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ከረምኩ። በደወልኩ ቁጥር እማዬ ወይ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ወይ ጎረቤት ለቅሶ ሄዳለች። ለቅሶው የራሷ ነበር።

ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሰብለ ከአቶ ተፈራ ጋር ቆማ ጠበቀችኝ። አቶ ተፈራ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ የሀበሻው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።

“ምነው እርስዎ ለእኔ ብለው ደከሙ?” አልኳቸው።

“መኪናው ቆሞ ከሚውል ብዬ ነው” አሉኝ።

አልጠረጠርኩም እንኳ። መኪና ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየኋቸው፤ ወፎቹን፣ ባሕሩን፣ እርጥብ ልብሴን። “ግሩም ነው፣ ግሩም ነው” ይላሉ። ሰብለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ጉንፋን ይዟት መስሎኝ መስኮቱን ዝጊው አልኳት።

ቤት ስንገባ ሳልታጠብ ምግብ ቀረበ። “መጀመሪያ ቅመስ” አለችኝ ሰብለ። አቶ ተፈራም “ብላ እንጂ፣ ብላ” ይሉኛል፤ ራሳቸው ግን አይበሉም። አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ በሩን ያያሉ። ለካ መርዶውን ሊያረዱኝ የመጡ ሰዎች ታች መግቢያው ላይ ተሰብስበው እስኪጠሩ ይጠብቃሉ።

የሊያ ክፍል ተከፈተ። ልጄ ዓይኗ አብጧል። እኔን፣ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን ጉርሻ አየችና፣ “ፓፓ፣ ኦማ ኢስት ቶት” አለችኝ። አያቴ ሞታለች ማለቷ ነው።

“ሊያ!” ብላ ጮኸች ሰብለ።

“ለምን አትነግሩትም? ለምን ታበሉታላችሁ?” አለች ሊያ፣ ይህን ደግሞ በአማርኛ። በአማርኛ ስትናገር ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው በደንብ አይታወሰኝም። በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ አቶ ተፈራ ክንዴን ይዘው “አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ” ሲሉኝ ትዝ ይለኛል። “እንኳን እናቴ ሞታ እንዲሁም አልቅስ አልቅስ ይለኛል” ይባላል። ያን ቀን ግን እንባ አልመጣልኝም። እንባዬ የመጣው መቼ እንደታመመች ስጠይቅ ነው።

የታመመችው ህንድ በገባሁበት ዕለት ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ገባች። እህቴ ለሰብለ ደወለች፣ ሰብለ ለአቶ ተፈራ ነገረች። ተሰብስበው መከሩ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ክፉ ወሬ ለብቻው ላለ ሰው፣ ያውም በባዕድ አገር፣ አይነገርም። የሚያቅፈው የለም፣ ራሱን ቢጎዳስ? ደግሞም ጉዞው ለምን ይበላሽበት? ትድን ይሆናል፤ ካልዳነችም እዚህ መጥቶ ሰው መሀል ሆኖ ይስማ። እንዲህ ብለው ወሰኑ። ከሁሉም “ይነገረው” ያለችው ሊያ ብቻ ነበረች፤ ልጅ ናት፣ ባህሉን አታውቅም ተብላ ዝም አለች።

ማንም ካርታ አላየም። እኔ ከነበርኩበት አዲስ አበባ ከፍራንክፈርት ይልቅ ይቀርባል። ከህንድ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን አለ። በዚያው በደወልኩ ጠዋት፣ ያንን አረንጓዴ ግድግዳ ሳየው ቢነግሩኝ ኖሮ፣ በማግስቱ አልጋዋ አጠገብ እቆም ነበር። በሕይወት ባልደርስላት እንኳ እጄን ግንባሯ ላይ አድርጌ እሸኛት ነበር።

ራጃን ይህን ስነግረው ቢላውን አስቀመጠ። “እኔው ራሴ አውሮፕላኑ ድረስ እወስድህ ነበር” አለኝና ፊቱን አዞረ። እሱ ለአባቱ ባሕር ድረስ ሄዶ ያን ሁሉ አድርጓል። እኔ ለእናቴ አንድ ጭብጥ አፈር አላለበስኳትም።

ለአርባዋ ደብረ ዘይት ሄድኩ። እህቴን ተቆጥቼ እንደምናገራት ለራሴ ምዬ ነበር። ሳያት ግን አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነው የጠበቀችኝ፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ማታ ስንቀመጥ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

“እስከ መጨረሻው ነፍሷን ታውቅ ነበር። ‘ልጄስ?’ ስትለን ‘እየመጣ ነው’ አልናት። ‘አውሮፕላን ተሳፍሯል፣ አሁን ይደርሳል’ እያልን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዓይኗን ትገልጥ ነበር። ደስ ብሏት ነው ያረፈችው ወንድሜ፣ እየመጣህ እንደሆነ አምና።”

ይህን የነገረችኝ እንድጽናና ነው። ሌሎቹም ሲያጽናኑኝ እሱኑ ነው የሚደግሙልኝ።

ከሰብለ ጋር አልተጣላሁም። አቶ ተፈራንም መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። ማናቸውም ክፉ አልሠሩም፤ ክፉ ቢሠሩማ ኖሮ የምረግመው ሰው አገኝ ነበር። የወደዱኝ ናቸው እንዲህ ያደረጉኝ፣ እኔም ቤቴ ውስጥ ዝም ብዬ እዞራለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ በር ሲከፈት ቀና ብዬ አያለሁ፤ እሷ የጠበቀችኝ እንደዚህ ነው እላለሁ።

ለእኔ እሷ ደህና ናት አሉኝ። ለእሷ እኔ እየመጣሁ ነው አሏት። ሁለታችንንም አጽናኑን፣ ሳንተያይም ቀረን።