በጫማ ካርቶን የታሰርኩ ጊዜ

ያሰሩኝ በጫማ ካርቶን ነው። ሌላ ወንጀል አልተገኘብኝም፤ አልነበረኝምም።

አዳማ፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። የአራተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ልጆቹን ከየቤታቸው ካርቶን አስመጣቻቸው። በአንድ ጎኑ በመርፌ ይበሱታል፤ ሌላውን ጎኑን ቆርጠው ዘይት የነካ ወረቀት ይለጥፉበታል። ወረቀቱ ላይ ውጭ ያለው ነገር ተገልብጦ ይታያል። በሩ ላይ ተሰልፈው መንገዱን ሲያዩ፣ «ጋሼ፣ ባጃጁ በጣሪያው ይሄዳል! ኑ ይዩት!» አሉኝ።

ተቀብዬ ማየት እንደጀመርኩ ከመንገዱ ማዶ ካለው መሥሪያ ቤት ታጣቂዎች መጡ። ቢሮውን በድብቅ ካሜራ ትቀርጻለህ አሉኝ። ያኔ በከተማው ሁሉም ሁሉንም ይጠረጥራል።

የገባሁበት ክፍል መስኮት የለውም። ላብና ሽንት ይሸታል። ቦታ ስለማይበቃ የምንቀመጠው በተራ ነው፤ እኔ ተራዬ ደርሶም መቀመጥ አቃተኝ። ከመግባቴ በፊት የጠየቀኝ መርማሪ ያለኝ ነገር ውስጤን ይበላኛል፦ «መምህርቷ አዝዛኝ ነው በል። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።» በአርባ ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት።

በማግስቱ ፀሐይ ግቢውን ስትመታው፣ በቆርቆሮው በር የሚስማር ቀዳዳ የገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሰው አወጣ። ፖሊስ ነው፤ እግሩ ወደ ላይ፣ ቆቡ ወደ ታች።

«ያ ረቢ! አብደናል እንዴ?» አለ አንድ የሞጆ ሾፌር።

«አላበድንም። ቀዳዳዋ ናት» አልኩት።

«ብቻ ሰውዬው እላያችን ላይ እንዳይወድቅ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መርማሪው በሩን ከፈተ። «ምንድነው?»

«ይግቡና በሩን ይዝጉት። ካርቶኑም የሚያሳየው ይሄንኑ ነው» አልኩት።

ገባ። አየ። «ገባኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ የያዘውን ወረቀት ዘረጋልኝ። መምህርቷ አዘዘችኝ ይላል። «ቢሆንም ፈርም። ከላይ እየጠበቁኝ ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። በተንጋደደ ፊደል «አላዘዘችኝም» ብዬ ጻፍኩበት፤ ከሥሩ ስሜን። ወረቀቱን ቀደደው። እኔም እዚያው ቀረሁ።

እሷ አሁን አርሲ ነገሌ ታስተምራለች። ደጃፏን ያንኳኳ የለም። እኔ ግን ዛሬም አንድ ቦታ አልረጋም፤ እራት እየበላሁ እነሳለሁ፤ ሚስቴ «ምናለ አርፈህ ብትቀመጥ» ትለኛለች። ነገሩ የገባው ሰው እንኳ «ፈርም» ማለቱን መርሳት አልቻልኩም። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበተኝ ከወራት በኋላ፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው።