ተያዥ የማያስፈልገው ሥራ

ሱንዱስ ባህረዲን የአሥረኛ ክፍል ውጤቷን ያየች ቀን አላለቀሰችም። ነጥቧ እንደማይበቃት ከፈተና ስትወጣም ታውቀው ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና እናቷን፣ «ሥራ ልፈልግ ነው» አለቻት። 2003 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ቤታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለች አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። እናቷ ረሂማ የሰው ልብስ ታጥባለች። አባቷ ባህረዲን መርካቶ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ጭነት ሲያወርድ ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከመኪና ላይ የተንሸራተተ የጨርቅ ቦንዳ ወገቡን መታው። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሊሸከም ቀጥ ብሎ መሄድም ያቅተዋል። ከቤት የሚወጣው ለሶላት፣ ወደ አንዋር መስጊድ ብቻ ነው።

ሥራ ማግኘቱ መጀመሪያ እንደፈራችው አልከበዳትም። በሁለተኛው ቀን እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ደህና ልጅ ትመስያለሽ። ተያዥ ብቻ አምጪ» አሏት።

«ተያዥ?»

«ዕቃ ቢጠፋ የምጠይቀው ሰው ነዋ። ንግድ ፈቃድ ያለው ይሁን። ከዘመን መለወጫ በፊት ይዘሽው ነይ።»

ባህረዲን ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከተመታ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«ይሄማ ምን አላት! እኔ መርካቶን አብጠርጥሬ አውቃት የለ እንዴ? ነገ ሐጂ ጃፋር ዘንድ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ የኢድ ኮቱን ለብሶ፣ በየመቶ ሜትሩ እየቆመ ወገቡን እየያዘ ወሰዳት። ሐጂ ጃፋር ትልቅ የጨርቅ አስመጪ ናቸው። ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሱ።

«ባህሩ! ምነው ጠፋህ? ወገብህ እንዴት ሆነ?»

አስቀመጡት። ሻይና ሳምቡሳ አዘዙ። ባህረዲን ነገሩን አስረዳ፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ሐጂ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ሰሙትና፣ «ባህሩ፣ አላምንህም አልልህም» አሉት። «ልጅቷም ጨዋ መሆኗ ፊቷ ላይ ይታያል። ግን ለወንድሜ ልጅ ፈርሜ ጉድ ከሆንኩ ወዲህ ለማንም አልፈርምም ብዬ ምያለሁ። መሐላዬን አታስፈርሰኝ፣ ወንድሜ።»

ባህረዲንን የመታው ቦንዳ የሐጂ ጃፋር ነበር። ሱንዱስ አባቷ ይህን እስኪናገር ጠበቀች። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ። ባህረዲን ግን፣ «አላህ ይስጥልን፣ ሐጂ፤ ትክክል ነዎት» አለና ሳምቡሳውን አነሳ። የሰውን ግብዣ መተው ነውር ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው በላው። እሷ አንገቷን ደፍታ ፍርፋሪው ኮቱ ላይ ሲወድቅ ታያለች።

የዚያኑ ዕለት ሁለት ቦታ ሞከሩ። አንዱ፣ «ከበዓል በኋላ ተመለስ» አለው። የሌላኛው ደግሞ፣ የራሱ ሳቅ ከጓዳ እየተሰማ፣ ሠራተኛው ወጥቶ «የለም» አላቸው። ባህረዲን፣ «አለመገጣጠም ነው» አለ።

በዓሉ አለፈ። እትዬ ለተብርሃን ሌላ ልጅ ቀጠሩ። ሱንዱስ ብቻዋን ከሱቅ ሱቅ መዞር ጀመረች፤ የሚቀድማት ጥያቄ ግን ሁሉም ጋ አንድ ነው፦ «ተያዥ አለሽ?»

መስከረም በባተ በአምስተኛው ቀን፣ ፉርቃን የሚባል ጫማ ነጋዴ ደጁ ላይ ቆሞ በሜጋፎን ሲጮህ አገኘችው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ገዢው ብዙ ነው፤ የሰውየው ድምፅ ግን ተዘግቷል።

«ጋሼ፣ ሥራ ይኖራል? ተያዥ ግን የለኝም» አለችው፣ አስቀድማ።

ፉርቃን አያትና ሜጋፎኑን ሰጣት። «እስቲ ጥሪ።»

ዓይኗን ጨፍና፣ «የልጅ፣ የአዋቂ፣ የሴት፣ የወንድ! ገባ ገባ በሉ፣ ሳያልቅ!» አለች። ሁለት ሴቶች ዞር አሉ። አንደኛዋ ገባች።

«በቃ፣ ተቀጥረሻል» አላት።

«ተያዡስ?»

«ደጅ ነው የምትቆሚው፣ ዕቃ አትነኪ። ድምፅሽን ይዘሽ ብትጠፊ እኔ ምን ይጎድልብኛል?»

ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ጠራች። እግሯ አበጠ፤ ግን ደስ ብሏታል። ባህረዲን ለዙሁር ሶላት ሲሄድ ከመንገዱ ማዶ፣ በገበያተኛው ተጋርዳ ሳያያት፣ ድምፅዋን ይሰማል። «የኩሊ ልጅ» እንዳይሏት ብሎ አይጠጋትም። ማታ ማታ፣ «ዛሬም ሰማሁሽ» ይላታል።

በአራተኛው ቀን ፉርቃን ሜጋፎኑ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ተጫነና፣ «አንዴ ጥርት አድርገሽ በይው» አላት። ጥርት አድርጋ አለችው። ሰውየው ሜጋፎኑን ከበሩ በላይ ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ድምፅዋም ያለ እሷ ይጣራ ጀመር። የጎረቤት ሱቅ ልጆች ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

ማታ ፉርቃን የሳምንቱን ሙሉ ከፈላት። «ከነገ ጀምሮ አትድከሚ» አላት።

«አጥፍቼ ነው?»

«ኧረ ምን አጥፍተሽ! እንደ አንቺማ አድርጎ የሚጠራ የለም። ለዚህ እኮ ነው የቀዳሁት።»

ብሩን ተቀብላ ሄደች። ቤት ስትደርስ ልትነግራቸው አስባ ነበር፤ ረሂማ ግን ዝንጅብል አፍልታ ጠበቀቻት፣ ለጉሮሮዋ። ሱንዱስ ጠጣች። ሳትነግራቸው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሥራ እንደሚሄድ ሰው ትወጣለች። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ አውቶቡስ ተራ ሥራ ስትጠይቅ ትውላለች። ማታ አባቷ፣ «ዛሬ ትንፋሽ እንኳ አልወሰድሽም። ውሃ ጠጪ እንጂ፣ ልጄ» ይላታል። ቀኑን ሙሉ ከ«የለንም» በቀር ምንም ላልሰማች ልጅ ዝንጅብሉ ይፈላል። እሷም ትጠጣለች።

ስምንት ቀን እንዲህ ሄደ። በዘጠነኛው፣ ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ዝናብ ጣለ። ሱንዱስ ከጫማ ሱቁ ትይዩ ካለ ሕንፃ ሥር ተጠለለች፤ እግሯ ለምን ወደዚያ እንዳመጣት እሷም አታውቅም። የፉርቃን ሜጋፎን ፌስታል ተጠልቆለት ይጣራል። ከሥሩ አባቷ ቆሟል። ያልተዘረጋ ጃንጥላ ይዟል፤ ለእሷ ያመጣው ነው። ዝናቡ እየደበደበው ሽቅብ ሜጋፎኑን ያያል።

መንገዱን አቋርጣ ስትደርስ ከፉርቃን ጋር እየተነጋገረ ነበር።

«እንግዲያው አጥፋልኝ፣ ልጄ» ይለዋል ባህረዲን። «እሷ ከሌለች ድምፅዋ ምን ያደርጋል?»

«አባቴ፣ ገዢው ለምዶታል እኮ» አለ ፉርቃን፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ደግሞ ሒሳቧን አልከለከልኳትም። ራሷን ይጠይቋት።»

ባህረዲን ዞር ሲል አያት። ሊቆጣት የፈለገ መሰላት፤ ቢቆጣት በወደደች። እሱ ግን ጃንጥላውን ዘርግቶ በላይዋ ያዘላት። ወገቡ ስለጎበጠ ጃንጥላው ጭንቅላቷን ይነካታል፤ እሷም እንዲመቸው ዝቅ ብላ ሄደች። ከኋላቸው ሜጋፎኑ «ገባ ገባ በሉ» ይላል።

በሳምንቱ ጎረቤታቸው ባይነሽ አትክልት ተራ ወሰደቻት። እዚያ ደህናውን ቲማቲም ከብልሹው መለየት ነው ሥራው፤ ሌሊት ተነስቶ መሄድ አለ፣ የሚቀጥሩት ግን በቀን በቀን ስለሆነ ማን እንደሆንሽ እንኳ አይጠይቁም። ሱንዱስ ሁለት ዓመት እዚያ ሠራች።

ባህረዲን አንዋር መሄዱን አልተወም። ግን ድምፅዋ አሁንም በሚጣራበት በጫማ ተራ በኩል አላለፈም፤ በጀርባ ዞሮ፣ አቀበቱን እየወጣ ይሄዳል። ያ መንገድ ለጤነኛም ሩቅ ነው። ረሂማ፣ «ምነው ዘገየህ?» ስትለው፣ «ሰው አግኝቼ» ይላታል።