የእናቴ ሌባ ጣት

ዛሬም አሮጌ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ከጎረቤት በኩል በመጣ ቁጥር፣ እናቴ የቁስል ማሰሪያ ልትቀድ ነው ብዬ ቀና እላለሁ። ቤታችን ከጉና ተራራ በታች፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ብርዳም ተዳፋት ላይ ነበር፤ እናቴም የነተበ ነጠላዋን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በቀጫጭኑ ቀድዳ፣ አቧራ እንዳይነካው ክዳን ባለው ዕቃ ታስቀምጠው ነበር።

ክረምት ሲገባ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ እሾህና የጠርሙስ ስባሪ እግራችንን ይቆርጠን ነበር። እናቴ ከአረም ወገቧን ይዛ ትመለስና፣ ገና ሳታርፍ፣ ከምንጭ ተሸክማ ያመጣችውን ውሃ አፍልታ፣ አብርዳ፣ መጀመሪያ የራሷን እጅ በሳሙና ታጥባ፣ ጭቃው ተጠራርጎ እስኪወጣ ድረስ ቁስላችንን ታጥበው ነበር። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋ ይዛ፣ ደሙ ሲቆም ታስረዋለች። ጎረቤቶች አመድ ወይም ቡና ነስንሽበት ሲሏት፣ ቁስል የሚፈልገው ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ነው እያለች ትመልሳቸው ነበር። አንዳንዴ እግራችንን እንደያዘች ዓይኗ ይከደን ነበር።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ ገብሱ ደርሶ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ። ሁላችንም እየተጣደፍን ስናጭድ፣ ማጭዱ የእናቴን የግራ እጅ ሌባ ጣት ቆረጠው። ትንሽ ቁስል ነበር። አባቴ ቤት ገብታ እንድትታጠብ ቢለምናት፣ ከመቀነቷ ጫፍ ቀድዳ ጠመጠመችበትና «ደመናውን አታየውም? ገብሱ ይሰብሰብ፤ ጣቴ የትም አይሄድ» ብላ ጎንበስ አለች። ቤት ስትገባም እራት አቅርባ፣ ጨርቁን ሳትፈታ እንቅልፍ ጣላት።

ገብሱ ተከምሮ ሳያበቃ እጇ አበጠ፤ ቅላቱ ወደ ክንዷ ወጣ፤ ትኩሳትም ያንቀጠቅጣት ጀመር። አባቴ በበቅሎ አስቀምጦ፣ እኛን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰዳት።

እነሱ በሄዱ በማግሥቱ ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ድንች ሲልጥ መዳፉን ቆረጠ። ደሙን አይቶ አላለቀሰም፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

«እታለም፣ የኔም እንደ እማዬ ያብጣል?» አለኝ።

«ካጠብነው አያብጥም» አልሁት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርሁም። ውሃ አፍልቼ፣ እስኪበርድ ድረስ ከእናቴ ዕቃ ያወጣሁትን ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጌ፣ እጁን ከፍ አድርጎ እንዲይዝ ነገርሁት። ከዚያ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት አጥቤ አሰርሁለት። በየቀኑ ጠዋት እየፈታሁ፣ ቀልቶ እንደሆነ እያየሁ እቀይርለት ነበር።

እናቴ ስትመለስ ከስታ ነበር። ሐኪሞቹ መግሉን አውጥተው፣ መርፌ ወግተው ጣቷን አትርፈውላታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልታጠፈም። መደቡ ላይ እንደተቀመጠች የይሁኔን መዳፍ ተቀብላ ማሰሪያውን ፈታች፤ ቁስሉ ደርቆ ገጥሟል። አገላብጣ አየችው።

«አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«በይ እንግዲህ፣ የኔንም ቀይሪልኝ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ማሰሪያውን ሳልጨርስ፣ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

ዛሬ ደብረ ታቦር ነው የምኖረው። ውሃው ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ ይወርዳል፤ ፋሻውም ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ከቢሮ ደክሜ ስገባ ልጄ የተላጠ ጉልበቱን ያሳየኛል፤ እኔም እንደ እናቴ ዓይኔ እየተከደነ አጥብለታለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ እኔው ብቆረጥ ግን፣ ቢላውን አስቀምጬ፣ ታጥቤ አስሬ፣ ትንሽ አረፍ እላለሁ፤ ወጡ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። ለእናቴ ግን ያን ቀን እጅ ለመታጠብ መሄድ፣ የዓመት ቀለባችንን ሜዳ ላይ መተው ነበር።