ጋቢ የለበሰች መኪና

ዳኛው የሚባል ሰው የወይዘሮ ሐረገወይን ሾፌር ነበር። ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ትቷት የሄደውን የጭነት መኪና እየነዳ ከአይከል እህል ያመጣል። ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ይህንንም ከማንም ቀድሞ ራሱ ይናገረዋል።

መኪናይቱ ግን አንድ አመል አወጣች። ዳገቱን ተጭና ስትወጣ ምንም አትል፤ ቅዳሜ ገበያ ገብታ በሰውና በአህያ መሀል ማዝገም ስትጀምር ትፈላለች። መጀመሪያ የፈላች ቀን ዳኛው ኮፈኑን ከፍቶ ቢያይ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል። አጠበቀው። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ዳሩ ግን ገበያተኛው ሁሉ ከብቦ እንፋሎቱን አይቷልና ወይዘሮ ሐረገወይን ዓይን በልቷታል ብለው ቆረጡ። ጥጡን በእጃቸው ፈትለው ወፍራም ጋቢ አሠሩላት፤ ከተማ በገባች ቁጥር ፊቷ እንዲሸፈን አዘዙ። ዳኛውም ቡዳን እንደ ማናችንም ይፈራልና አልተከራከረም። አዘዞ ሲደርስ ይወርድና ጋቢውን አፍንጫዋ ላይ አጥብቆ ያስራል።

መኪናይቱ ባሰባት። ዳኛው ውሃ ለወጠ፣ ራዲያተሩን አጠበ፣ ቺንጋውን ነካካ። በጣሊያን ጋራዥ በር ያለፈውን ሁሉ ጠርቶ አሳየ፤ አዋቂ ነኝ ባይ መቼም ጎንደር ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። ሁሉም ግቢ ውስጥ፣ ጋቢዋን አውልቀው ያዩዋትና ደህና ናት ይላሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ በገበያው ቀን ትፈላለች። በመጨረሻ ወይዘሮ ሐረገወይን ሰው ፊት ዳግመኛ ከፈላች ቁልፉን እንዲያስረክብ ነገሩት። ዳኛው ከመሪ በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም። ያን ቀን እራት አልበላም።

በሚቀጥለው ጉዞ ወባ የሚያንቀጠቅጠው አንድ ነጋዴ ከአይከል ተሳፈረ። ዳኛው አዘነለትና ጋቢውን አለበሰው። አዘዞ ሲደርሱ ሰውየው ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ መግፈፉ ነውር ሆነበት። ፈጣሪውን ተማጥኖ ገበያው ውስጥ ገባ። እስክትፈላ ጠበቀ። አልፈላችም። በማግሥቱ በቀሐ በኩል ሰው በሌለበት መንገድ ጋቢውን አስሮ እያዘገመ ሞከራት፤ ፈላች። አብርዶ፣ ጋቢውን ፈትቶ ሞከራት፤ ደህና ናት። ለካ ነፋስ የምትስብበትን አፍ በገዛ እጁ ሲያፍን ኖሯል። ተናደደ፤ ሳቁም መጣ።

ለወይዘሮዋ መናገሩ ግን ከጥገናው ከፋ። እጃቸው የፈተለውን መድኃኒት በሽታው እሱ ነው ሊል ነው። እንደ ምንም ተናገረ።

«ታዲያ ቡዳዋ እኔ ነኝ ልትለኝ ነው?» አሉት።

«ኧረ እሜቴ፣ ነፋስ አጣች ነው ያልሁ።»

ቅዳሜ ዕለት ራሳቸው መጥተው ከጎኑ ተቀመጡና ፊቷን ገልጦ እንዲነዳ አዘዙት። ገበያው ጢም ብሏል። በእህል ተራ፣ በከብት ተራ እያዘገሙ አለፉ፤ ሰው ሁሉ አፍጥጦ አያት። መኪናይቱ ምንም አላለች። ዳኛው በደስታ ልቡ ሊፈነዳ ደረሰ። ምስጋናውን ሊቀበል ዘወር ቢል ወይዘሮ ሐረገወይን ያለቅሳሉ።

«ባለቤቴም ንዳድ ሲይዘው ዓይን እንዳያየው በሩን ዘግቼ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ ሸፍኜው ነበር» አሉ። «ሞቀኝ፣ ግለጪኝ እያለኝ ነው የሞተ።»

ዳኛው መኪናይቱን ዳር አስይዞ አቆመ። ቁልፉን አልጠየቁትም፤ እሱም ትዝ አላለው።